ዘላይም ይሩጥ፣ ግን አጭር

አርሲ የሯጭ አገር ነው። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ አምጥታለች። በዝላይ ግን ኢትዮጵያ አንድም የኦሎምፒክ ሜዳሊያ የላትም።

እኛም ጎበሳ ውስጥ ርዝመት ዝላይ የምንወድ ልጆች በስፖርት ክፍለ ጊዜ ከሯጮች ጋር ሜዳውን 10 ዙር እንዞራለን። ይሄ ልክ አይመስለኝም። ርቆ ለመዝለል ፈጥኖ መንደርደር ያስፈልጋል፤ የደከመ እግር ደግሞ አይፈጥንም። ለእኛ 30 ሜትር በሙሉ ኃይል ሮጦ፣ በደንብ አርፎ መድገም ይሻለናል። ለእግር ጉልበት ቁጢጥ ብድግ መሥራት፣ በአንድ እግር እንጣጥ እንጣጥ ማለት። (ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወት ሴቶች ይህን ለምደነዋል!)

መዝለያው አሸዋ ደግሞ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬን እግሯን ወለም አላት። ቲቸር፣ ከመዝለላችን በፊት ይቆፈርልን። አካፋውን እኔ ከቤት አመጣለሁ።