የሚከፈተውና የሚዘጋው



ባለፈው የጾም ወራት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቻችን ለገዳሙ ድረ ገጽ እንሥራ ብለው ንድፉን በወረቀት ሥለው ወደ ጉባኤው አቀረቡ። ንድፉ በሁለት የተከፈለ ነው፤ አንደኛው ክፍል ማንም የሚያነብበው፣ ሁለተኛው የተመዘገቡ አባላት ብቻ በይለፍ ቃል የሚገቡበት። እኛ ከብራና በቀር የምናውቀው ጥቂት ስለ ሆነ በቤተ ክርስቲያን ምሳሌ አስረዱን። ምሳሌውም ይስማማል። ቅኔ ማኅሌቱ መዘምራን የሚያሸበሽቡበት፣ ቅድስቱ ምእመናን የሚቆርቡበት፣ መቅደሱ ታቦቱ ያለበትና ከካህናት በቀር ማንም የማይገባበት ነው። ከሁሉም ውጭ ቅጥር ግቢው አለ፤ በዚያ መንገደኛው ሁሉ ያርፋል።

ነገር ግን ንድፉን ደግመን ስናየው የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘነው። የብራና መጻሕፍቱ ሥዕል፣ የገዳሙ ታሪክ፣ የዜማው ቅጂ «ለአባላት ብቻ» በሚለው ክፍል ተቆልፏል። ስእለት ያገቡ፣ ለተዝካር ስም ያስመዘገቡ፣ ለግንቡ ሥራ የረዱ ምእመናን ስም ግን ከነአባታቸው፣ ከነሚኖሩበት ከተማ፣ አንዳንዱም ከነፎቶግራፉ በአደባባዩ ገጽ ተደርድሯል። ልጆቹን አንወቅስም። ማመስገናቸው ነው፤ እኛስ በዚህ መጽሔት የመጨረሻ ገጽ ስንት ዓመት እንዲሁ ስናትም አልኖርንምን?

ዓይናችንን የገለጠችልን በየመን፣ በኤደን ወደብ የምትኖር አንዲት ልጃችን ናት። የእናቷን ስም ለጸሎት ስታስመዘግብ «አባ፣ የእኔ ስምና ያለሁበት አገር ግን የትም እንዳይጻፍብኝ» ብላ በሰው ላከችብን። ምን አስፈራት የሚል ቢኖር የካቲት 25 ቀን 2008 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ። በዚያ ዕለት የታጠቁ ሰዎች በኤደን ሼክ ዑስማን በሚባለው ሰፈር፣ የማዘር ቴሬዛ ማኅበር ደናግል አረጋውያንን ወደሚጦሩበት ቤት ገብተው 16 ሰዎች ገደሉ። አራቱ ደናግሉ ራሳቸው ነበሩ፤ ከቀሩት መካከል በቤቱ ያገለግሉ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። ከተማዪቱ ለክርስትና እንግዳ ሆና አይደለም፤ በአራተኛው መቶ ዘመን የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ ቁስጠንጢዎስ ወደ ሕምያር የላከው ቴዎፍሎስ በዚያ ቤተ ክርስቲያን እንዳሠራ ፊሎስቶርጊዮስ ጽፏል። (ሰውዬው አርዮሳዊ ነበር፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ ደቀ መዛሙርቱ አይምሩንም።) ዛሬ ግን ልጃችን ማዕተቧን ከልብሷ ሥር አድርጋ ትሄዳለች።

እንግዲህ ስሟ ከከተማዋ ጋር በአደባባዩ ገጽ ቢወጣ፣ በጉግል የሚፈልጋት ሁሉ ያገኛታል። ኋላ ብንሰርዘውም ሌላው ቀድቶ አስቀምጦት ይሆናል። በብራና የተሳሳተውን ፍቀን እናርማለን፤ ለዚህ ግን መፋቂያ የለውም።

ይህን ስንናገር ልጆቹ «እንግዲያውስ ገጹን ከማውጫው እናውጣው፤ አድራሻውን የሚያውቅ ብቻ ይገባል» አሉ። ይህ መጋረጃ እንጂ መዝጊያ አይደለም፤ አድራሻውን አንዱ ለሌላው በቴሌግራም ሲልከው ይውላል። ለሁሉ አንድ የይለፍ ቃል መስጠትም የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አስቀርጾ በገበያ ማደል ነው፤ አንዱ ከማኅበሩ ቢወጣ ቁልፉን እንዴት እንቀበለዋለን? ለእያንዳንዱ የየራሱ ቁልፍ ይሰጠው አልን። የገባ ሁሉም ሁሉን አይመልከት፤ ተሳላሚው የራሱን ስእለት፣ መጋቢውና ዕቃ ቤቱ መዝገቡን።

ስለ መጻሕፍቱ ከአባቶች ጋር ብዙ ተከራክረናል፤ ክርክሩም ገና አላለቀም። አባቶች ሌባን ይፈራሉ፤ እውነት አላቸው፣ ከአገራችን ብዙ ብራና ተሰርቆ ወጥቷል። እኛ ግን መልኩ በብዙዎች ዘንድ የታወቀ መጽሐፍ ለሌባ ገበያ ይከብዳል እንላለን። በፈረንጆች 1973 የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 የሚበልጡ የኢትዮጵያ መጻሕፍትን አንሥቷል። ቅጂዎቹ በአሜሪካ፣ በሚኔሶታ ኮሌጅቪል፣ ሂል በተባለው የብራና ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ብዙ ዘመናቸውን የእነዚህን ዝርዝር በማዘጋጀት አሳልፈዋል። ያ ቤት ዝርዝሩን ለማንም ከፍቶ፣ የብራናውን ገጽ ማየት የሚሻውን ግን ያለ ክፍያ ስሙን አስመዝግቦ እንዲገባ አድርጓል። ለእኛም ይህ ይበጀናል። መጽሐፉ በየትኛው ሣጥን እንዳለ ግን በአደባባዩም በአባላቱም ክፍል አይጻፍ።

የበዓላቱ ቀን፣ የመንገዱ ሁኔታ፣ ለሱባኤ የሚመጣ ሰው ይዞት የሚመጣው፣ ስብከቱም ያለ ቁልፍ ይከፈታሉ። የሒሳቡን ድምር ያለ ሰው ስም በአደባባዩ እናውጣው ብለናል፤ ጉባኤው ይህን ለሚቀጥለው ወር አሳድሮታል። እኛ ግን አሳባችንን አንለውጥም፤ የሰጠ ሰው የሰጠው ምን እንደ ሠራ ሊያይ ይገባዋል።

ለጸሎት የተመዘገቡትም በክርስትና ስማቸው ብቻ ይጻፋሉ። ወለተ ማርያም ብንል ስንት ወለተ ማርያም አለች! ካህኑ ሲያስባት ግን የአባቷን ስምና ከተማዋን አይጠይቅም። የዓለም ስሟ ቀድሞ በነበረበት በወረቀቱ መዝገብ፣ በዕቃ ቤት ይቆያል።

የዚህ እትም የመጨረሻ ገጽ ባዶ የሆነው ስለዚህ ነው። ከጸሎቱ የወጣ ስም የለም፤ ማረጋገጥ የሚሻ ዕቃ ቤቱን ይጠይቅ።