ድጎማው የሚደርሰው ገንዘብ ላለው ነው

ወገኖቼ፣ ካኩማና ካሎቤዬ ያላችሁ፣ ኢስሊ የምትሯሯጡ፣ ከዚህ ወጥታችሁ አሜሪካና አውስትራሊያ የገባችሁ፣ በዓረብ አገር ሰው ቤት እየሠራችሁ ለእኛ የምትልኩ እህቶቼ። ዛሬ የምጽፈው ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሰሞኑን እንደገና ስብሰባ ተጠርተን ነበር። «የአካባቢ ጥበቃ ቴክኖሎጂ ለሚሠሩ አነስተኛ ንግዶች ከመንግሥታት የማይመለስ ድጎማ መጥቷል፣ አመልክቱ» ተባልን። ብዙ ወጣት አጨበጨበ። እኔ ግን እጄ አልተነሳም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ከከሰል ድቃቂ ብሪኬት እንሠራ ነበር። ከሰል ሻጮች የሚደፉትን ድቃቂ እየሰበሰብን፣ በወንፊት ነፍተን፣ በዱቄት ሙቅ እያቦካን፣ አንድ በያጅ በሠራልን የእጅ መጭመቂያ እያተምን በቱርካና ፀሐይ እናደርቀው ነበር። ቡና የሚያፈሉ ሴቶች ወደዱት፤ ቶሎ አያልቅም። ማንም ድጎማ አልሰጠንም ነበር።

ከዚያ ድጎማው መጣ። ቅጹ በእንግሊዝኛ ነው። የንግድ ምዝገባ፣ ፒን የሚሉት የግብር ቁጥር፣ የአንድ ዓመት የባንክ መግለጫ ይጠይቃል። ይህንንም በስንት ልመና አሟላን። ቀጥሎ የመጣው ግን ከባድ ነበር፦ የወጪውን ግማሽ ራሳችሁ አዋጡ፣ የእኛ ግማሽ ደግሞ ሸጣችሁ ካሳያችሁ በኋላ ይከፈላል።

ራሽን የሚበላ ሰው ግማሹን ከየት ያመጣል? አንዱ ጓደኛዬ ጅዳ ላለች እህቱ ደወለ። የወራት ደሞዟን ላከች። ማደባለቂያ ማሽን ገዛን፣ ሠራን፣ ሸጥን። አጣሪው መጣና ደረሰኞቻችሁ በእጅ የተጻፉ ናቸው፣ የገዢዎቹ ስልክም በስማቸው አልተመዘገበም አለ። በካምፕ ውስጥ ስንቱ ሰው በሌላ ሰው ስም በወጣ ሲም እንደሚደውል የማያውቅ አለ? ክፍያው ቀረ። ማሽኑ ዛሬ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ጠቤ ከአሠራሩ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ የሰጪዎቹ ስጋት ይገባኛል። ገንዘቡ የዜጎቻቸው ግብር ነው፣ ይጠየቁበታል። እኛም ንጹሕ አይደለንም። የንግድ መነሻ ተብሎ የተሰጠውን ለደላላ ከፍሎ ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ የገባ አለ፣ እናውቀዋለን። ግን መፍትሔው ከሌላው ሁሉ ገንዘቡን ማራቅ ነው? ለአንድ ወር ሥራ የሚበቃ ትንሽ ገንዘብ ቀድሞ ይሰጥ፣ ሥራው ይታይ፣ ከዚያ ቀጣዩ ይሰጥ። አሁን ባለው አሠራር ቢሮ፣ የሒሳብ ሠራተኛና የባንክ ብድር ያለው ኩባንያ ከናይሮቢ መጥቶ ይወስደዋል። በሪፖርቱ ላይ የሚወጣው ፎቶ ግን የእኛ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

«ስደተኛ ንግድ አይችልም» የሚል ካለ፣ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይኤፍሲ በ2018 ስለ ካኩማ ያወጣውን ጥናት ያንብብ። ከ2,000 በላይ ንግዶች እንዳሉና ነዋሪው በዓመት 56 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያወጣ የጻፉት እነሱ ናቸው። «ሕግ አይፈቅድም» የሚል ካለም፣ የኬንያ የ2021 የስደተኞች ሕግ እውቅና ያገኘ ስደተኛ በግልም ሆነ በቡድን ሠርቶ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። ሕጉ «በቡድን» እያለ ቅጹ ለምን ኩባንያ ብቻ ይጠይቃል?

ደግሞ የምድጃን ታሪክ እናስታውስ። አገር ቤት እናቶቻችን የሚያውቁት «ላቀች» የከሰል ምድጃ የመጣው ከኬንያው የሸክላ ጂኮ ነው። ጂኮው በ1980ዎቹ በውጭ መንግሥታት ርዳታ ጭምር ተሞክሮ ሲስፋፋ፣ የሠሩት ጁዋ ካሊ የሚባሉት፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡ ሰዎችና ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። የሕዝብ ገንዘብና ሥልጠና ወደ ባለሙያው እጅ ሲደርስ ምን እንደሚሠራ እዚሁ ኬንያ ታይቷል። እኛ አዲስ ነገር አልጠየቅንም።

የምንጠይቀው ይህን ነው፦

1. የመጀመሪያው ክፍያ ከሥራው በፊት ይሰጥ፣ ትንሽም ቢሆን።
2. ጉልበታችንና የሰበሰብነው ድቃቂ እንደ መዋጮ ይቆጠር።
3. የባንክ መግለጫ ለሌለው የእቁብ መዝገብና የቡድን ዋስትና ይበቃው።
4. ቅጹ በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በዓረብኛና በስዋሂሊ ይቅረብ።
5. በካኩማ ስም ከመጣው ገንዘብ ማን ስንት እንደወሰደ በግልጽ ይለጠፍ።

ለእኛም ለራሳችን። ብቻችሁን አታመልክቱ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። የየቀኑን ሽያጭ በደብተር ጻፉ፣ የገዢውን ፊርማ ያዙ። ፕሮፖዛል ልጻፍልህ ብሎ ድርሻ ለሚጠይቅ ደላላ በር አትክፈቱ። ለምን እንደሚውል ሳትጠይቁ ለፎቶ አትፈርሙ።

ውጭ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ «መዋጮ ተጠየቅሁ» ብሎ የሚደውልላችሁ ይኖራል። ከመላካችሁ በፊት ወረቀቱን አሳየኝ በሉት። ክፍያው መቼ ነው? ካልተከፈለስ ኪሳራው የማን ነው? የጓደኛዬ እህት ያንን አልጠየቀችም፣ እኛም አልነገርናትም። ያ ጥፋት የእኛ ነው። ዕዳዋን ዛሬም እየከፈልን ነው።

እዚህ ብዙ እናት ከራሽኗ ዱቄት ቀንሳ በከሰል ትለውጣለች፤ የቀረውን ማብሰያ የላትምና። ራሽኑ በ2025 ክፉኛ ከተቀነሰ ወዲህ ደግሞ የምትለውጠውም አነሰ። ድጎማው የሚለመነው በእሷ ስም ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ከማጨብጨባችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ገንዘቡ የሚሰጠው ከሥራው በፊት ነው ወይስ በኋላ? «በኋላ» ካሉን አምስቱን ነጥቦች በጽሑፍ እንሰጣቸዋለን። አብሮኝ የሚፈርም በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

ቸር ያሰንብተን።