የማይጣመሩ መሣሪያዎችና የቸኮለ ፍርድ



በዚህ ወር የምናነሣው ጉዳይ በየቤቱ ጭቅጭቅ ሲያስነሣ የሚታይ ነው። ይኸውም ኮምፒዩተርን ከድምፅ ማጉያ፣ ከኪቦርድ ወይም ከማውስ ጋር ያለ ሽቦ፣ በብሉቱዝ፣ ለማጣመር ስንሞክር የሚገጥመን እክል ነው። ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ግን በራሴ የደረሰውን ላጫውታችሁ።

በመድረሳችን ራስፕቤሪ ፓይ የምትባል፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ትንሽ ኮምፒዩተር አለች። ሕፃናቱ ቁርአን ሲቀሩ ትክክለኛውን አነባበብ የሚያዳምጡት ከእርሷ ጋር በብሉቱዝ በተጣመረ ድምፅ ማጉያ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማጉያው አልገናኝ አለ። ዕቃ መፈታታትና መገጣጠም የሚወድ የ14 ዓመት ተማሪ አለን፤ ምንም ሳልመረምር በጓደኞቹ ፊት «ምን ነካክተህበት ነው?» አልኩት። «ኡስታዝ፣ እኔ አልነካሁትም» ብሎ አንገቱን ደፋ። እኔም አላመንኩትም።

እንግዲህ አሠራሩን እንመልከት። ብሉቱዝ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ባለው የሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ የአጭር ርቀት መገናኛ ነው። ሁለት መሣሪያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጣመሩ የጋራ ምስጢራዊ ቁልፍ ይፈጥራሉ፤ ቁልፉንም ሁለቱም በየራሳቸው መዝግበው ይይዙታል። ነገሩ ውል በሁለት ቅጂ ተጽፎ በሁለቱ ተዋዋዮች እጅ እንደሚቀመጠው ነው። ስለዚህ እክል ሲፈጠር አንዱን ወገን ብቻ መርምሮ መፍረድ አይቻልም። ቀጥሎ ያሉትን በተራ ማየት ይበጃል።

1ኛ/ ኮምፒዩተሩ ብሉቱዝ አለውን? ሦስተኛው የራስፕቤሪ ፓይ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2016 ከመውጣቱ በፊት የነበሩት ሞዴሎች ብሉቱዝ አልነበራቸውም፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ተጨማሪ መሣሪያ ይሻሉ። እንዲሁም የራሱን ትንሽ መሰኪያ ይዞ የሚሸጥ ሽቦ አልባ ኪቦርድ ብዙውን ጊዜ ብሉቱዝ ስላልሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ብንፈልገው በዝርዝሩ ላይ አይወጣም።

2ኛ/ የሚጣመረው ዕቃ ዝግጁ ነውን? ዕቃው በመከፈቱ ብቻ ለመጣመር ተዘጋጅቷል ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የማጣመሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝና መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ እስኪል መጠበቅ ያስፈልጋል።

3ኛ/ ሌላ መሣሪያ ይዞት እንደሆነስ? ብዙ ድምፅ ማጉያዎች በአንድ ጊዜ የሚያገለግሉት አንድን መሣሪያ ነው። ቀድሞ የሚያውቁት ስልክ በአቅራቢያ ካለ ከእርሱ ጋር ይገናኙና ለሌላው ምላሽ አይሰጡም።

4ኛ/ አንዱ ወገን ውሉን ጥሎት ይሆን? ኮምፒዩተሩ እንደ አዲስ ተጭኖ ወይም ዕቃው ወደ ፋብሪካ ይዞታው ተመልሶ ከሆነ፣ አንዱ ቁልፉን ሲያጣ ሌላው አሮጌውን ይዞ ይቀራል። «ተጣምሯል» እየተባለ የማይገናኘው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ምዝገባውን ከሁለቱም ወገን መሰረዝ፣ ሁለቱንም አጥፍቶ ማብራትና እንደገና ማጣመር ነው። ከአንዱ ብቻ መሰረዝ አይበቃም።

5ኛ/ ኪቦርድ ሲጣመር በስክሪኑ ላይ ቁጥር ከወጣ፣ ያንኑ ቁጥር በሚጣመረው ኪቦርድ ላይ ጽፎ ኢንተርን መጫን ነው። ብዙዎች ቁጥሩን ቁጭ ብለው ሲያዩት ጊዜው ያልፍና «አልተሳካም» ይላቸዋል። ለዚህ ሁሉ ሥራ በሽቦ የሚሠራ ኪቦርድና ማውስ በመጠባበቂያነት ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

6ኛ/ ተገናኝቶ የሚቆራረጥ ከሆነ አካባቢውን እንይ። የብረት ሣጥን ሞገዱን ያፍናል፤ በዩኤስቢ 3 የተሰካ የውጭ ሃርድ ዲስክም ሞገዱን ሊረብሽ ይችላል። ዲስኩን ማራቅ ይረዳል። አራተኛው ሞዴል 5 ቮልት፣ 3 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ይፈልጋል፤ በደካማ የስልክ ቻርጀር ማሠራት ለብዙ ዓይነት እክል ያጋልጣል።

7ኛ/ ተገናኝቶ ድምፅ ከሌለው በኮምፒዩተሩ ላይ የድምፅ መውጫው ማጉያው መሆኑን መምረጥ ያሻል። በተነሣ ቁጥር እንደገና አገናኙኝ የሚል ከሆነ ደግሞ በብሉቱዝ ዝርዝሩ ላይ ዕቃውን «የታመነ» ብሎ መመዝገብ ነው።

የእኔ እክል የትኛው እንደነበር ታውቃላችሁ? ሦስተኛው። ግማሽ ሰዓት ከደከምኩ በኋላ ያው ተማሪ ቀስ ብሎ ቀረበና «ኡስታዝ፣ የእርስዎ ስልክ ብሉቱዙ በርቶ ይሆን?» አለኝ። ለካ ሐሙስ ማታ ማጉያውን ቤት ወስጄ ከስልኬ ጋር አጣምሬው ነበር! ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ይዞታል። ብሉቱዙን ባጠፋሁት ጊዜ ማጉያው ከኮምፒዩተሯ ጋር ወዲያው ተገናኘ። ጥፋተኛው ኪሴ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ እኔ ግን ልጁን ስወነጅል ቆይቻለሁ።

ሡረቱል ሑጁራት ወሬን እንድናጣራ (አንቀጽ 6)፣ ከብዙ ጥርጣሬም እንድንርቅ (አንቀጽ 12) እንደሚያዝዝ ለእነዚያው ልጆች ያስተማርኩት እኔው ነበርኩ። በጓደኞቹ ፊት የወቀስኩትን ልጅ ለብቻው ጠርቼ ይቅርታ ብጠይቀው ግማሽ ፍትሕ ስለሚሆን፣ በጓደኞቹ ፊት ይቅር እንዲለኝ ጠየቅኩት። እርሱም ፈገግ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የድምፅ ማጉያው ኃላፊ እርሱ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ዕቃ ሲበላሽ ልጁ ላይ ከመጮኻችሁ በፊት አብራችሁት ተቀምጣችሁ ከላይ ያሉትን በተራ ተመልከቱ። እናንተም ወጣቶች፣ የምታውቁትን ለታላላቆቻችሁ በአደብ ንገሩ፤ ያ ልጅ እንዳደረገው ማለት ነው። ዕቃው ቢበላሽ ይጠገናል፤ ያለ ጥፋቱ የተወቀሰ ልጅ ልብ ግን እንደ ማጉያው በአንድ ቁልፍ አይመለስም።

ወላሁ አዕለም።