“ስጦታ” ተብሎ የሚገባው ሸቀጥ፦ የኦንላይን ንግድ፣ ጉምሩክ እና አማና

ረመዳንና ዒድ በተቃረቡ ቁጥር ቴሌግራምና ቲክቶክ በአባያ፣ በጀለቢያ፣ በሒጃብ፣ በመስገጃና በሽቶ ማስታወቂያ ይሞላሉ። “ከዱባይ በአጭር ቀን”፣ “የቱርክ ኦሪጅናል፣ ግማሽ ክፍያ ከፍለው ቀድመው ይዘዙ” ይላሉ። ከእነዚህ ገጾች ጀርባ መርካቶ ውስጥ ሱቅ የመከራየት አቅም የሌላቸው፣ ቤታቸው ሆነው በስልካቸው የሚነግዱ ብዙ እህቶችና ወጣቶች አሉ። ለእነሱ ይህ ንግድ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

በማስታወቂያው ላይ የማይጻፈው በትዕዛዙና በርክክቡ መካከል ያለው ጣጣ ነው። እቃው ቦሌ ይደርሳል፤ እዚያ ይቆማል። ሻጯ “ጉምሩክ ያዘብኝ” ትላለች፤ ቀብድ የከፈለችው ገዢ “ገንዘቤን በላችብኝ” ትላለች፤ ዒዱም ያልፋል።

ጠለቅ ብለን ስናየው ግን እቃው የተያዘው ቦሌ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ የተጀመረው ላኪው ዘንድ፣ ዋጋው ወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው። ስለዚህ ስለዚያ ወረቀት እንነጋገር፦ ሲዋሽበት ማን ይጎዳል? በዲናችን ዓይን ምንድን ነው? መንግሥትስ እውነቱን ለሚጽፍ ሰው መንገዱን ምን ያህል አቅንቶለታል?

ወረቀቱ ምን ይጠይቃል?

በፖስታ የሚላክ እቃ የጉምሩክ መግለጫ ቅጽ ይሞላለታል። በፈጣን መልእክት ድርጅት ወይም በካርጎ የሚላክ ደግሞ ኢንቮይስና ኤርዌይ ቢል ይዞ ይመጣል። የሚጠየቀው ነገር ያው ነው፦ እቃው ምንድን ነው? ብዛቱና ክብደቱ ስንት ነው? ዋጋውስ? ለንግድ ነው ወይስ ስጦታ? ከ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ በዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት ደንብ መሠረት በፖስታ የሚላክ ሸቀጥ መረጃ ከእቃው ቀድሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለተቀባዩ አገር መድረስ አለበት። ጥቅሉ ሳይነሳ የተጻፈው ቃል ቀድሞ ይደርሳል ማለት ነው።

በተግባር ግን የተለመደው ሌላ ነው። ሻጯ ለላኪው “ስጦታ በልልኝ፣ 10 ዶላር ጻፍልኝ” ትለዋለች። አንዳንዱ ላኪ ሳይጠየቅም ይጽፈዋል፤ ለደንበኛው ውለታ የዋለ ይመስለዋል። 12 አባያ፣ በተለያየ ልክ፣ የዋጋ ምልክቱ እንኳ ሳይነሳ “ስጦታ” ተብሎ ሲመጣ ግን የጉምሩክ ፈታሹ ምን ብሎ ይመን? ለግል መገልገያ የሚመጣና ለንግድ የሚመጣ እቃ ሥርዓታቸው የተለያየ ነው፤ ለሽያጭ ለሚመጣው የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይጠየቃል። “ስጦታ” የሚለው ቃል ሸቀጡን ከሸቀጥነት አያወጣውም።

ቀረጡ ለምን ከበደ?

ሰው በደስታ አይዋሽም፤ ክፍያው ሲከብደው ነው የሚዋሸው። ስለዚህ ስሌቱን ማየት ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ ጉምሩክ ቀረጥ የሚያሰላው እቃው በተገዛበት ዋጋ ላይ የማጓጓዣና የኢንሹራንስ ወጪ ተደምሮ ነው። ብዙ ገዢዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ የአየር ማጓጓዣው ራሱ ይቀረጣል። በዚያ ላይ እንደ እቃው ዓይነት እስከ 35 በመቶ የሚደርስ የጉምሩክ ቀረጥ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ ይደራረባሉ፤ ኤክሳይስ ታክስና ሌሎች ክፍያዎች ያሉባቸው እቃዎችም አሉ።

በምሳሌ እንየው። 30 ዶላር የተገዛ አባያ፣ 10 ዶላር የማጓጓዣና የኢንሹራንስ ወጪ ቢኖርበት መነሻው 40 ዶላር ነው። የውጭ ምንዛሪ ገበያው ክፍት ከመደረጉ በፊት፣ ማለትም እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ፣ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በከፍተኛው የቀረጥ ምጣኔ ብናሰላ፣ ሦስቱ ክፍያዎች ተደራርበው 1,614 ብር ገደማ ይሆኑ ነበር። ዶላሩ 130 ብር ሲገባ የዚያው አባያ ክፍያ 3,680 ብር ይደርሳል። አባያው ያው ነው፤ ምጣኔውም ያው ነው። የተለወጠው የብሩ ዋጋ ብቻ ነው። በአንድ አባያ ጥቂት መቶ ብር ለምታተርፍ ሻጭ ይህ ልዩነት ንግዱን የሚያስቀጥል ወይም የሚያዘጋ ነው።

የውሸቱ ዙሪት

በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት የእቃ ዋጋ በመጀመሪያ የሚተመነው በእርግጥ በተከፈለበት የግብይት ዋጋ ነው። ያ ተቀባይነት ካጣ የተመሳሳይ እቃዎች ዋጋ እየታየ በቅደም ተከተል ወደ ሌሎች መንገዶች ይኬዳል። ሕጉ ለእውነተኛ ኢንቮይስ ቅድሚያ ይሰጣል ማለት ነው።

ታዲያ ነጋዴው “ኢንቮይሴን አልቀበል አሉኝ፤ በራሳቸው ዋጋ ተመኑብኝ” እያለ የሚያማርረው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ማስረጃ ማጣት ነው። ብዙ ትናንሽ ሻጮች ለላኪው የሚከፍሉት በባንክ ሳይሆን በዘመድ በኩል ወይም በሐዋላ ነው። እቃው 30 ዶላር እንደተገዛ የሚያሳይ የባንክ ወረቀት በእጃቸው የለም። ሌላው ምክንያት ደግሞ የጋራ ጥፋታችን ነው። ከመቶ ኢንቮይስ ውስጥ ብዙው ዋጋው ተቀንሶ የሚቀርብ ከሆነ፣ ፈታሹ እውነተኛውንም በጥርጣሬ ያየዋል። ፈታሹ ሲጠራጠር ዋጋ ይሰቅላል፤ ዋጋ ሲሰቀል ነጋዴው “እውነት ብጽፍም አያምኑኝ” ብሎ ይቀንሳል። ዙሪቱ እንዲህ ይቀጥላል።

በዚህ ዙሪት በመጀመሪያ የምትጎዳው እውነቱን የጻፈችው ሻጭ ናት። ቀረጡን ከፍላ፣ ዋጋዋን በዚያ ልክ አውጥታ፣ “ስጦታ” ብላ ካስገባችው ጎረቤቷ ጋር ትወዳደራለች። ሁለተኛዋ ተጎጂ ገዢዋ ናት። 10 ዶላር የተባለ ጥቅል ቢጠፋ ካሳ የሚጠየቀው በ10 ዶላር እንጂ በ150 ዶላር አይደለም። ሦስተኛዋ ራሷ የዋሸችው ሻጭ ናት። ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ በጉምሩክ ሕግ ወንጀል ነው፤ በጥቂት ሺህ ብር ምክንያት እቃውም ስምም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ።

“መክስ ነው” የሚለው ክርክር

ከሙስሊም ነጋዴዎች መካከል “የጉምሩክ ቀረጥ ሸሪዓ ያወገዘው መክስ ነው፤ ስለዚህ ማምለጡ ኃጢአት የለውም” የሚል ድምፅ ይሰማል። ክርክሩን በቀላሉ ማጣጣል አይገባም። መክስ፣ ማለትም ከነጋዴ ላይ ያለአግባብ የሚወሰድ ቀረጥ፣ በሐዲስ ተወግዟል፤ ኢማም አዝ-ዘሀቢም ከከባባድ ኃጢአቶች መካከል ቆጥረውታል። በሌላ በኩል እንደ ኢማም አል-ገዛሊና አሽ-ሻጢቢ ያሉ ዑለማዎች የሕዝብ ግምጃ ቤት ሲራቆትና እውነተኛ የሕዝብ ጥቅም ሲኖር፣ በፍትሕ እስከሆነ ድረስ መሪው ከባለ ሀብቶች ተጨማሪ ክፍያ መሰብሰብ እንደሚችል አስረድተዋል።

ታሪኩም አለ። በአቡ ዩሱፍ “ኪታቡል ኸራጅ” እንደተዘገበው፣ ሙስሊም ነጋዴዎች በሌሎች አገሮች አሥራት እንደሚከፍሉ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ለዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ጻፉ። ዑመርም ከውጭ አገር ነጋዴዎች በተመሳሳይ ልክ እንዲወሰድ አዘዙ፤ ከዚምሚዮች የዚያን ግማሽ፣ ከሙስሊሞች ከ40 ዲርሃም አንድ። ከ200 ዲርሃም በታች ከሆነ ግን ምንም እንዳይወሰድ ወሰኑ። ዛሬ የዓለም ጉምሩኮች “የአነስተኛ ዋጋ ነፃ ገደብ” እያሉ የሚከራከሩበት ሐሳብ በ7ኛው ክፍለ ዘመን በደብዳቤ ተጽፎ ነበር።

ሌላም ዘገባ አለ። ዚያድ ኢብኑ ሑደይር የተባሉት ቀረጥ ሰብሳቢ በአንድ ዓመት ውስጥ በአንድ ፈረስ ላይ ሁለት ጊዜ ሊያስከፍሉት ሲሉ አንድ የበኒ ተግሊብ ክርስቲያን ነጋዴ መካ ድረስ ሄዶ ለዑመር አቤት አለ። ዑመርም ዓመቱ እስኪዞር ድረስ ዳግመኛ እንዳይወሰድበት ለሰብሳቢው ጻፉ። የሌላ እምነት ተከታይ የሆነ ነጋዴ አቤት ብሎ በፍጥነት ፍትሕ አገኘ።

ከዚህ የምንማረው በሁለት በኩል ነው። ለገዢ ወገን፦ ቀረጥ ገደብ፣ ግልጽነትና አቤቱታ ሰሚ ያስፈልገዋል። ለነጋዴ ወገን ደግሞ፦ ያ ክርስቲያን ነጋዴ አቤት አለ እንጂ ፈረሱን “ስጦታ ነው” አላለም። ቀረጡ ፍትሐዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለው የዑለማ ክርክር ይቀጥል። የጉምሩክ ወረቀት ግን ምስክርነት ነው። ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚያስጠነቅቀው በመስፈሪያ ስለሚያጎድሉ ሰዎች ነው፤ የዛሬው መስፈሪያ ደግሞ ኢንቮይሱ ነው። ተበደልኩ የሚል ሰው በአዋጁ መሠረት ለኮሚሽኑ ቅሬታ ማቅረብ፣ ካልረካም ለግብር ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ማለት ይችላል። መንገዱ አድካሚ ነው፤ ግን በሐሰት ምስክርነት አያልፍም።

ዓለም ወዴት እየሄደ ነው?

“ትንሽ እቃ ስለሆነ ማንም አያየውም” የሚለው ዘመን በሌላውም አገር እያበቃ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ22 ዩሮ በታች ለሆኑ እቃዎች የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃነት ከጁላይ 2021 ጀምሮ አንስቷል። አሜሪካም እስከ 800 ዶላር ለሚያወጡ ጥቅሎች ትሰጥ የነበረውን የቀረጥ ነፃነት በመጀመሪያ ለቻይናና ለሆንግ ኮንግ፣ ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ጀምሮ ደግሞ ለሁሉም አገሮች አቁማለች። ከአዲስ አበባ ለዋሽንግተንና ለሚኒያፖሊስ ዘመዶቻችን የሐበሻ ልብስ እየሸጡ የሚልኩ እህቶችም ያው ጥያቄ ደርሶባቸዋል፦ ምንድን ነው? ስንት ነው? የት ተሠራ? ትክክለኛ ወረቀት መሙላት በሁለቱም አቅጣጫ የንግዱ መሠረታዊ ሙያ ሆኗል።

ምን ይደረግ?

ሻጮች፦ ከማዘዛችሁ በፊት የእቃውን የታሪፍ ቁጥር (ኤችኤስ ኮድ) ለዩ፤ ቀረጡን ፈቃድ ካለው የጉምሩክ አስተላላፊ (ትራንዚተር) ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ ዋጋ አውጡ። ለላኪው “እውነተኛውን ዋጋ ጻፍ” በሉት። በባንክ ክፈሉ፤ ካልሆነ ትዕዛዙንና ከላኪው ጋር የተጻጻፋችሁትን ሁሉ አስቀምጡ፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ ክሬምና መድኃኒት ነክ እቃዎች የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ እንደሚመለከታቸው አትርሱ። ለገዢም “ቀረጥ ተካቷል” ወይም “አልተካተተም” ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሩ። በሽያጭ ውስጥ የተደበቀ ነገር በረካውን ያነሳዋል።

ገዢዎች፦ እጅግ የረከሰ ዋጋ ስታዩ “ቀረጡን ማን ከፈለው?” ብላችሁ ጠይቁ። ቀብድ ስትከፍሉ እቃው ጉምሩክ ቢዘገይ ወይም ቢያዝ ኪሳራው የማን እንደሚሆን በጽሑፍ ተስማሙ።

የጉምሩክ ኮሚሽን፦ በኮንቴይነር ለሚያስገባ አስመጪ የተሠራ ሥርዓት ለ12 አባያ አይመጥንም። ለአነስተኛ የኦንላይን ነጋዴ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የተጻፈ፣ ቀረጡን ቀድሞ የሚያሰላ፣ አጭር የዲክላራሲዮን መንገድ ያስፈልጋል። ዋጋ ሲቀየርበትም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው። እውነት የጻፈ ሰው በፍጥነት ሲስተናገድ ጎረቤቱም ያየዋል።

ከወለድ ነፃ ባንኮቻችን፦ አነስተኛ ሻጮችን በቡድን አደራጅቶ በሙራበሓ እቃውን ማስመጣት ይቻላል። ባንኩ ገዝቶ ሲያስገባ ክፍያው በባንክ ያልፋል፣ ኢንቮይሱ እውነተኛ ይሆናል፣ የማጓጓዣውና የአስተላላፊው ወጪም ይከፋፈላል። ዘምዘም፣ ሂጅራና ሌሎቹም ይህን ገበያ ሊያዩት ይገባል።

ለዲናችን ልብስ የምንሸጥ ሰዎች ነን። በሐሰተኛ ወረቀት የገባ አባያ ለብሳ የምትሰግድ እህት ጥፋቱን አታውቀውም፤ የሸጠላት ግን ያውቃል። ያንን አማና መጠበቅ የጉምሩክን ደጅ ወዲያው አያቀልልንም፤ ደጁ ይስተካከል ብለን ቀና ብለን ለመጠየቅ የምንችለው ግን ያኔ ነው።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።