የራሱን ፓምፕ የሚያዞር እሳት

የደብረ ማርቆስን የክረምት ሌሊት የቀመሰ ሰው ቁሩን አይረሳውም። ከተማችን ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና። ባለፈው ሰኔ አንድ ማታ የፈተና ወረቀት ሳርም መብራቱ ድርግም አለ፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ የጣድሁት ሻይም ሳይፈላ ቀረ። አከራዬ እማማ ግን በከሰላቸው ቡና አፍልተው ጠሩኝና «ልጄ፤ ያንተ እሳት በሽቦ የመጣ እንግዳ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ አይገኝም» ብለው ሳቁብኝ።

ነገሩ ለሳቅ ብቻ አይደለም። በብርድ አገሮች አንድ ትልቅ የእሳት ቤት ውሃ አሙቆ በቧንቧ ለመላው ሰፈር ያድላል። ዳሩ ግን ውሃውን የሚገፋው ፓምፕ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ስለሆነ፤ መብራት ሲጠፋ ማሞቂያውም ይቆማል። ከመስከረም 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የኃይል ማመንጫዎቿ የተደበደቡባት ዩክሬን ይህን መከራ በክረምት አይታዋለች።

መድኃኒቱ እሳቱ የራሱን ፓምፕ እንዲያዞር ማድረግ ነው። እንፋሎቱ በመጀመሪያ ተርባይን አዙሮ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ የተረፈው ሙቀት ውሃውን ያሞቃል፤ በበጋም ማቀዝቀዣ ያንቀሳቅሳል። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ሳንዲ የተባለው ማዕበል ብዙ የኒውዮርክ ሰፈሮችን ሲያጨልም፤ ከ40 ሺህ ሰው በላይ የሚኖርበት ኮኦፕ ሲቲ የተባለው ሰፈር የራሱ ማመንጫ ስለ ነበረው መብራትም ሙቀትም አላጣም።

ጥበቡ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከዓባይ ማዶ ያለው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተጨመቀውን አገዳ ገለባ አንድዶ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ በእንፋሎቱም የአገዳውን ጭማቂ ያፈላል።

በእኛ ደጋ ግን የሚያሳስበው ከሙቀቱ ይልቅ ቅዝቃዜው ነው። ቤታችን ከሰል አያጣም፤ የጤና ጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣ ግን በከሰል አይሠራም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ካልተጠበቀ ኃይሉ ይደክማል፤ ሕፃኑም በከንቱ ይወጋል። የጤና ባለሙያ የሆነ ባልንጀራዬ መብራት በጠፋ ቁጥር የማቀዝቀዣውን በር አያስከፍትም፤ የሙቀቱን ልክ እየተመለከተ ይመዘግባል፤ አስቀድሞ ያዘጋጀውን በረዶና ሣጥንም በአጠገቡ ያኖራል። በግድግዳው ውስጥ በረዶ የሚያቆይ ማቀዝቀዣ ያለው ጣቢያ ያለ መብራት ቀናት ሊዘልቅ ይችላል፤ በፀሐይ የሚሠራም አለ።

እንግዲህ ተማሪም ሆንን ጸሐፊ፤ ነገ ወደ ትምህርት ቤታችንና ወደ ቢሮአችን ስንገባ «መብራት ቢጠፋ እዚህ ምን ይቆማል? በምንስ ይቀጥላል?» ብለን እንጠይቅ። ክብሪት የት እንዳለ ማወቅ የሚገባው መብራት ሳይጠፋ ነው።