ዝሆኔና የገበሬው የሥራ ቀን

በደጋው ቀይ አፈር በባዶ እግሩ የሚያርስ ገበሬ እግሩ ሲያብጥ፣ ጎረቤቱ እርግማን ወይም ተላላፊ በሽታ ነው ብሎ ይሸሸዋል። ሆኖም ይህ ዓይነቱ ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ መንስዔው በቆዳ ዘልቀው የሊምፍ ቧንቧዎችን የሚያስቆጡ ደቃቅ የአፈር ማዕድናት ናቸው።

በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ ተካሂዶ በ2010 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ እግራቸውን እየታጠቡ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ የተጠቀሙት ሕመሙ በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲያገረሽባቸው፣ እንክብካቤው ዘግይቶ እንዲደርሳቸው የተደረጉት ግን 23.9 ጊዜ አገርሽቶባቸዋል። እያንዳንዱ ማገርሸት ደግሞ ገበሬውን ከእርሻው ያስቀረዋል።

በእንክብካቤው የረዱት የአካባቢው ተወላጆች እንጂ ሐኪሞች ብቻ አይደሉም። ስለዚህ የማኅበራት መሪዎች ሕሙማንን ከተሸሸጉበት አውጥተው ከጤና ኬላ ሊያገናኙ፣ ሕፃናትንም ጫማ ሊያስለምዱ ይገባል።