ኬላው መንገዱን ሲዘጋ፦ የፕሮግራም መመርመሪያዎች ለምን ይንቀራፈፋሉ?

የስልክ መተግበሪያ ድንገት ሲዘጋ ወይም የክፍያ ሲስተም ቀጥ ብሎ ሲቆም ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ይሄ ስሕተት ሳይታይ እንዴት አለፈ?» መልሱ ሁልጊዜ የፕሮግራመሩ ስንፍና አይደለም። አንዳንዴ ስሕተቱን እንዲያሳይ የተሠራው መሣሪያ በጣም ከመዘግየቱ የተነሣ ባለሙያው አጥፍቶት ይሠራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ጃቫና ጃቫስክሪፕት ያሉ ቋንቋዎች ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ደጋግሞ የሚሮጠውን ክፍል እዚያው ወደ ማሽን ቋንቋ ይቀይሩታል። ይህ አሠራር ጂት ይባላል። የዛሬ ብሮውዘሮች ፍጥነታቸውን በአብዛኛው ያገኙት ከእሱ ነው። አንድሮይድም እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው 7.0 ቅጂው ጂትን መልሶ አስገብቷል።

ችግሩ ያለው ዲበገር በሚባለው መመርመሪያ በኩል ነው። ዲበገር የሚያውቀው ፋይል ላይ ተጽፎ የተቀመጠውን ኮድ ነው፤ ጂት ደግሞ ኮዱን የሚፈጥረው ሜሞሪ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ጂዲቢ 7.0 ለዚህ መላ አመጣ። ፕሮግራሙ አዲስ ኮድ በፈጠረ ቁጥር ምንም የማይሠራ አንዲት ባዶ ፈንክሽን ይጠራል። ዲበገሩ እዚያ ላይ አድፍጦ ይጠብቃል፤ ፕሮግራሙን ያስቆማል፣ የአዲሱን ኮድ መረጃ ያነባል፣ ተጠቃሚው «እዚህ ቁም» ያለባቸውን ቦታዎች እንደገና ያሰላል፣ ከዚያ ይለቀዋል።

መላው ብልህ ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። አንድ ትልቅ ፕሮግራም በሺዎች የሚቆጠሩ የኮድ ቁራጮችን ሊፈጥር ይችላል። ይህ ማለት በሺዎች የሚቆጠር መቆም ነው። አንድ መኪና በመጣ ቁጥር መንገዱን ዘግቶ ሻንጣውን ሁሉ የሚያስወርድ፣ ሲጨርስ ደግሞ የተፈላጊዎችን ስም ዝርዝር ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚያነብ ኬላ ማለት ነው።

«ምርመራ ነውና ቢዘገይ ምን አለበት?» የሚሉ አሉ። ሁለት ነገር ይረሳሉ። አንደኛ፣ ከጊዜ ጋር የተያያዙ ስሕተቶች ፕሮግራሙ ሲዘገይ ይሰወራሉ፤ መርማሪው ሲመጣ የሚጠፋ ሌባ ማለት ናቸው። ሁለተኛ፣ የዘገየ መሣሪያ ይጠፋል። ኤልኤልዲቢ የተባለው ዲበገር በማክ ኮምፒውተሮች ላይ የጂት ክትትሉን ተጠቃሚው ራሱ ካልከፈተው በቀር ዘግቶ ነው የሚጀምረው። ብርቱ ኮምፒውተር ያለው ባለሙያ መዘግየቱን ይታገሠው ይሆናል፤ በአሮጌ ላፕቶፕ የሚሠራው ግን ተስፋ ይቆርጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ያልታየ ስሕተትም አይታከምም።

መፍትሔው ከባድ ምርምር አይጠይቅም፤ ሦስት ነገር ይበቃል። ጂቱ ኮዱን አንድ በአንድ ሳይሆን በጅምላ ያስመዝግብ። ዲበገሩ ሲመዘገብለት አድራሻውን ብቻ ይያዝ፤ ዝርዝሩን የሚያነበው ሲፈለግ ይሁን። ማቆሚያ ቦታዎችን ሲያሰላም አዲሱን ኮድ ብቻ ይመልከት፤ አሮጌውን አይነካካ።

የሐሳቡ ሥር አንድ ነው፤ ዋጋ የሚከፈለው ለሚታየው ነገር ብቻ ይሁን። ይህ ደግሞ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የሴልፍ ቋንቋ ተመራማሪዎች ኡርስ ሆልዝሌ፣ ክሬግ ቼምበርስና ዴቪድ ኡንጋር ፕሮግራሙ በሙሉ ፍጥነት እንዲሮጥ ትተው፣ መርማሪው የሚያየውን ክፍል ብቻ ወደ ቀላል ቅርጹ የሚመልስ ዘዴ አሳትመዋል። ፓይተንም እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 3.12 ቅጂው በዚያው መንገድ ሄዷል። ከዚያ በፊት ዲበገር ሲከፈት ፕሮግራሙ በአሥር እጥፍ መዘግየቱ የተለመደ ነበር፤ አዲሱ አሠራር ግን ተጠቃሚው የጠየቀውን ቦታ ብቻ ይከታተላል።

ስለዚህ ጥያቄው የዕውቀት አይደለም፤ የቅድሚያ ነው። የጂት ሠሪዎች ፍጥነታቸውን በየዓመቱ በሠንጠረዥ እያወጡ ይፎካከራሉ። ዲበገር ተከፍቶ ሳለ ፕሮግራሙ ስንት እጥፍ እንደሚዘገይ ግን በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ አይገኝም ማለት ይቻላል። ያ ቁጥር ከፍጥነቱ ጎን ይጻፍ። ያልተለካ ነገር የሚያስተካክለው የለም፤ ጦሱ የሚተርፈው ደግሞ ገንዘቡን ልኮ «አልተሳካም» የሚል መልእክት ለሚያነበው ተጠቃሚ ነው።